ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ሠላሳ ሰባት

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ነፍስ አባቴ ፊት ስንቴ ተንበርክኬ፣ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ተነሥቻለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ ለአንተ ለማታውቀኝ ልንገርህ።

ንጉሡ ወርደው፣ ድርቁ ግን ገና ያልለቀቀን ጊዜ ነው። መካነ ሰላም አጠገብ ለችግሩ ጊዜ በተከፈተች ሐኪም ቤት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነበርኩ። አያሌው የሚባል ገበሬ አንጀቱ ተጠማዝዞ በቃሬዛ ከከላላ መጣ። ከደሴ የመጣው ሐኪም ቀዶ አስተካክሎ ሰፋው። በማግስቱ ለሥራ ወደ አጅባር ሲሄድ አስጠነቀቀኝ፦

"በየአራት ሰዓቱ ትኩሳቱን ለካ፤ ሆዱንም ዳስስ። ትኩሳቱ ከጨመረ ወይም ሆዱ ከጠጠረ ቶሎ ላክብኝ። ውሃ እንዳይቀምስ።"

እኔ ግን አልለካሁም። አዳራሹ በረሃብተኛ ተጨናንቋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ መቅረት ያስፈራል። ይህንስ ሰበብ አድርጌ ምን አወራለሁ? ቴርሞሜትሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አልጋው ከበሩ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። በሩ ላይ ቆሜ ወረቀቱ ላይ ሠላሳ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛም ጻፍኩ። ሦስተኛም። ሚስቱ ደብሬ፣ "ጋሼ፣ ገላው ይፋጃል፤ እስቲ ይዩልኝ" ስትለኝ፣ "አብሽሪ፣ የቁስሉ ሙቀት ነው" ብያት ወደ ስብሰባዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሆዱን ብነካው እንደ ጣውላ ደርቋል። መኪና ለምኜ ወደ ሐኪሙ ላክሁ። ሐኪሙ ሲደርስ አያሌው ያጣጥር ነበር። ወረቀቱን አየና፣ "ትናንት ቀኑን ሙሉ ትኩሳት አልነበረውም?" አለኝ።

"አልነበረውም" አልኩ። እኔ፣ በዚህ አፌ።

ግራ ገብቶት ወደ አያሌው ሚስት ዞረ። "አፉ የገባ ነገር አለ?"

ደብሬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ "ከንፈሩ ቢሰነጠቅብኝ በጥጥ ውሃ አስነካሁት" አለች።

"ለዚህ ያበቃው ይህስ አይደለም" አለ ሐኪሙ በሽተኛው ላይ እያጎነበሰ፣ ለራሱ ያህል። እሷ አልሰማችም። እኔ ሰምቻለሁ። ሰምቼም፣ ዓይን ሁሉ ከወረቀቱ ላይ እንዲነሣልኝ፣ "ውሃ እንዳትሰጪው ብዬሽ አልነበረም?" ብዬ ጮህኩባት።

አያሌው ሆዱ እንደገና ሳይከፈት አረፈ። "እኔ ነኝ የገደልኩት!" እያለች ደረቷን ስትደቃ አንዲት ቃል ትበቃት ነበር። ነፈግኳት። እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ። እሷስ ከዚያ ቀን ወዲያ እስር ላይ አልነበረችም?

ከዓመታት በኋላ ከላላ ገበያ ውስጥ አገኘችኝ። ዓይኗ ጎድጉዷል። ሰው እያየን ጉልበቴ ላይ ወደቀች።

"ጋሼ፣ እርስዎማ ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማ ያልኩ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

እጇን ይዤ አነሣኋት። "እኔስ ይቅር ብያለሁ፤ እግዜርም ይቅር ይበልሽ" አልኳት።

እንባዋን ጠርጋ መረቀችኝ። እኔም አሜን አልኩ።