በአሥራ አንድ የተሰለፉት ግመሎች

ልጅ ሳለሁ፣ በኬንያዋ ሞያሌ የአባቴን ሆቴል የሚጠብቁ አባ ጃርሶ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ጎልቦ በሚባለው ቆላ ግመል ሲያግዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ነው ከተማ የገቡት። ያኔ አመሻሹ ላይ መብራት መጥፋቱ የተለመደ ስለነበር፣ ጂኮ የምንለውን የከሰል ምድጃ ደጃፍ ላይ አውጥተው፣ ፍሙን በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ ተረት ይነግሩኝ ነበር።

የግመሎቹን ተረት በነገሩኝ ዓመት ከድንበሩ ማዶ ከአክስቴ ቤት መጥቼ ትምህርት ቤት የገባሁት ትምህርቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ስሜ መዝገቡ ግርጌ ተጻፈ፤ ስልሳ አንደኛ። መምህራችን በስም ተራ ለንባብ በሁለት፣ ለሒሳብ በሦስት፣ ለጨዋታ በአምስት ሲመድቡን ሁልጊዜ የምተርፈው እኔ ነበርኩ። «አንቺ ተመልከቺ» ይሉኛል። ተመልካችነቱን በሚገባ ተካንኩበት።

ይህን ለአባ ጃርሶ በነገርኳቸው ምሽት ስለ አንድ እረኛ አወሩኝ። ግመሎቹን ወደ ጉድጓዱ በሁለት በሁለት ቢያሰልፍ አንዲት ተረፈች፤ በሦስትም በአራትም፣ እስከ አሥር ድረስ ቢሞክር፣ ያቺው አንካሳ ግመል ብቻዋን ቀርታ ውሃ ሳትጠጣ ዋለች። በመጨረሻ ሴት ልጁ «በአሥራ አንድ አሰልፋቸው» አለችው። አንድም አልተረፈም።

«ስንት ነበሩ?» አልኩ።

«ኢንታላ! ግመል አይቆጠርም። የተቆጠረ ይጎድላል።» ኢንታላ የሚሉኝ ልጅት ለማለት ነው።

እኔ ግን ደብተሬን ይዤ ሁለት ሳምንት ደከምኩ። ከሁለት እስከ አሥር ላሉት ሁሉ ያለ ቀሪ የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ነው። እሱን አሥር ጊዜ ደምሬ፣ ለአንካሳዋ አንድ ስጨምርበት፣ ለአሥራ አንድ እኩል ተካፈለ።

«ሃያ አምስት ሺህ ሁለት መቶ አንድ!» ብዬ ደጃፉ ላይ ጮህኩ።

አባ ጃርሶ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። «ፈጀሻቸው!» አሉ።

ቁጣቸው እስኪበርድ ጠብቄ፣ «አንካሳዋ ግን ትርፍ ነበረች?» አልኳቸው።

«ማን ትርፍ አላት? ሰልፉ አጠረ እንጂ።»

በማግስቱ ለመምህራችን «በአሥራ አንድ ቢመድቡንስ?» አልኳቸው። ገርሟቸው መደቡን። አምስት ቡድን ሞላና ስድስት ልጆች ተረፍን። ያን ሁሉ ቀን ስለ ግመሎቹ ሳካፍል፣ ስልሳ አንድን ለአሥራ አንድ ማካፈል ትዝ አላለኝም ነበር። ከእኔ በፊት የተጻፉት አምስቱ ልጆች ተርፈው ስለማያውቁ ግራ ገባቸው።

«አሁንስ ምን እናድርግ?» አለችኝ አንዷ። ልምዱ ያለኝ እኔ ነኛ።

በዚያ ቀን ስድስት ሆነን ከግራሩ ሥር ኳስ ተጫወትን።

ስልሳ አንድ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር መሆኑን የተማርኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ እኛን ማንም እንዴትም ቢመድበን ሰው ይተርፍ ነበር። እስከ ዛሬ ሰዎች በተራ ሲመደቡ ሳይ፣ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው መጨረሻ ወደ ቆመው ሰው ነው። ግመል ግን ጮክ ብዬ ቆጥሬ አላውቅም።