ያልተፈተነው ሰማያዊ ቀበቶ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ማስተር ደረጀ ሦስት ነገር አስረከቡኝ፤ የአዳራሹን ቁልፍ፣ የምት መለማመጃ ፓዶቹንና የቀበቶ መዝገቡን። አዳራሹ አቃቂ ውስጥ፣ ቀበሌው ገና ወረዳ ሳይባል የስብሰባ ቤት የነበረ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በመስኮቱ የባጃጅ ጥሩምባ ይገባል። ማስተር ደረጀ ከነጭ እስከ ጥቁር ቀበቶ ያደረሱኝ የቴኳንዶ መምህሬ ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው እዚያ ሌላ ክለብ ሲከፍቱ የአቃቂውን ለእኔ ተዉልኝ።

«ቁልፉ ቢጠፋ እናስቀርጻለን» አሉኝ። «መዝገቡን ግን ጠብቅ። ሰው ስንት ዓመት የለፋው እዚያ ውስጥ ነው ያለው።»

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መዝገቡን ወደድኩት። በማስመሪያ አምስት ዓምድ አሰመርኩለት፤ ስም፣ ቀበቶ፣ ቀን፣ የተፈተነው ትምህርት፣ የፈታኝ ፊርማ። በክለባችን ቀበቶው ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ እያለ እስከ ጥቁር ይሄዳል፤ እያንዳንዱም የራሱ ትምህርት አለው። ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኙት ሁለቱ ስለሆኑ እነሱን ላስረዳ።

ነጭ ቀበቶ መቆምና መከላከል ይማራል። ምት ሲመጣበት በክንዱ ይመክታል እንጂ ወደ ኋላ አይሸሽም። ጀማሪ መሸሽ ከለመደ አቋሙ ይበላሻልና።

ሰማያዊ ቀበቶ ደግሞ ማቆም ይማራል። ከጣሪያው ብረት ላይ የጥጥ ክር እናንጠለጥላለን፤ ጫፉ ፊት ቁመት ላይ ይደርሳል። ተማሪው በሙሉ ኃይሉ ይመታና እግሩን ክሩ ጋ ሳይደርስ ያቆማል። የምቱ ንፋስ ክሩን ቢያወዛውዘው ችግር የለም። እግር ከነካው ግን ተማሪው ወድቋል። ወራት የሚፈጅ ልምምድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው።

ጋሽ ለማ የመጡት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። የሥራ ቱታ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው በጎንና በጎን ሸብቷል፤ በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል።

«ማስተር፣ ለማ እባላለሁ። እዚህ ጨርቃጨርቁ ውስጥ የሽመና ማሽን መካኒክ ነኝ። ድሬዳዋ እያለሁ ዘጠኝ ዓመት ቴኳንዶ ሠርቻለሁ።» ከፌስታሉ ውስጥ ጠርዙ ተበልቶ የነጣ ቀይ ቀበቶ አወጡ።

«ወረቀት አለ?» አልኳቸው።

«ክለቡ ተዘጋ። ያስተማረን ሰውዬም አርፏል። ወረቀቱን ቤት ስንቀይር ጣልነው።»

«ያለ ወረቀት ቀይ ብዬ መመዝገብ አልችልም።»

«አትመዝግበኛ! ፈትነኝ እንጂ። ዛሬም ይሁን፣ በወሩም ይሁን።»

ማስረዳት ስለምወድ ብዙ አስረዳኋቸው። ቀበቶ መርካቶ እንደሚሸጥ፣ ይዞ የመጣውን ሁሉ ከተቀበልን መዝገቡ ዋጋ እንደማይኖረው ነገርኳቸው። ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን መልሱ ፈተና ነበር፤ ፈተናውን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ጠይቀዋል። እውነተኛው ምክንያቴ ሌላ ነው። አጎቴ የሚሆን ሰው ቀይ ቀበቶ ታጥቆ ከፊቴ እንዲቆምና ስሕተቴን እንዲያይብኝ አልፈለግኩም።

ጋሽ ለማ ቀበቶውን ጠቅልለው ወደ ፌስታሉ መለሱት። «እሺ ማስተር» አሉና ነጭ ታጠቁ።

በአዳራሻችን ከዕድሜ ይልቅ ቀበቶ ስለሚቀድም ስምንት ወር ሙሉ «አንተ» አልኳቸው። በሰልፉ መጨረሻ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አጠገብ ይቆሙ ነበር። ልጆቹ ይወዷቸዋል።

«ጋሽ ለማ፣ ጉልበትዎ ጮኸ!»

«ዘይት ፈልጎ ነው። ማሽን ሁሉ ከመበላሸቱ በፊት ይናገራል፤ ሰሚ ነው የሚያጣው።»

ነስሩ ደግሞ አቃቂ በሰቃ ከአጎቱ ጋር የግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚሠራ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። እንደሱ ፈጣን እግር አስተምሬ አላውቅም። አረንጓዴ ቀበቶ ላይ እያለ የክፍለ ከተማ ውድድር መጣ። በእሱ ኪሎ መወዳደር የሚቻለው ከቀይ ጀምሮ ነበር፤ ክለባችን ደግሞ በዚያ ኪሎ ቀይ የለውም።

«ቀይ አስርሃለሁ» አልኩት።

«ሰማያዊስ፣ ማስተር?»

«በኋላ እንሠራዋለን።»

መዝገቡን ከፍቼ ስሙ ፊት ለፊት «ሰማያዊ፤ ክር፤ አልፏል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቀኑን ሦስት ወር ወደ ኋላ መለስኩት። ከሥሩ «ቀይ» ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶ ቀየርኩ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን የተጻፉ እንዳይመስሉ። ይህን ማንም አላዘዘኝም። ጥንቃቄዬን ሁሉ ለዚህ አዋልኩት።

ቀዩን ቀበቶ በተማሪዎች ፊት አሰርኩለት፤ ሁሉም አጨበጨበ። ጋሽ ለማም አጨበጨቡ። ልምምዱ ሲያልቅ ፓድ እየሰበሰቡ ቀረብ አሉኝ።

«ማስተር፣ አንድ ነገር ልበል?»

«በል።»

«ልጁ ጎበዝ ነው። ማቆም ግን አልተማረም። ክሩ ጋ ቆሞ አይቼው አላውቅም።»

ገና ያልወጡ ተማሪዎች ነበሩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ነጭ ቀበቶ ቀይ ቀበቶን አይገመግምም!» አልኩ። አንዱ ሳቀ። ጋሽ ለማ ጎንበስ ብለው የክለቡን ሰላምታ ሰጥተው ወጡ።

በሚቀጥለው ልምምድ ለፍልሚያ ጥንድ ጥንድ ሳደርጋቸው ነስሩን ከጋሽ ለማ ጋር አቆምኩ። ደንባችን ይፈቅዳል፤ ቀይ ቀበቶ እግሩን ማቆም ስለሚችል ከነጭ ጋር ይለማመዳል። ነስሩ እንደሚችል መዝገቡ ላይ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያም ሆኖ በጽሑፉ ተመራሁ። ለጋሽ ለማም ቦታቸውን ላስታውሳቸው ፈልጌ ነበር።

«ለማ፣ ወደ ኋላ የለም!» አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምቶች መከቱ። ሦስተኛው ወደ ጭንቅላት የሚዞር ምት ነበር። ሲነሳ አይተውታል፤ ማየታቸውን እኔም አየሁ። ትከሻቸው ዞረ፣ የኋላ እግራቸው ከመሬት ተነሳ። ከዚያ እግራቸውን መልሰው እዚያው አስቀመጡት። የነስሩ እግር ግራ ጆሯቸው ላይ አረፈ።

በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ከጆሯቸው ቀጭን ደም ወረደ።

«ጋሽዬ! ወላሂ አላሰብኩትም! እግሬ አልቆም አለኝ!» እያለ ነስሩ አጠገባቸው ተደፋ።

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ከግራቸው ተቀምጬ ነበር። «መሸሽ ጀምረው ነበር። ለምን ተዉት?» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠብቄ ደገምኩላቸው።

«ወደ ኋላ የለም አልከኝ አይደል?» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም። የተጠየቁትን ነው የመለሱት።

ከጤና ጣቢያው ሆስፒታል ተላኩ። የጆሮ ታምቡራቸው ተቀዷል። ሐኪሙ ጉዳቱ ሚዛን እስከሚጠብቀው የጆሮ ክፍል መድረሱንም ነገረን። ከሳምንታት በኋላ በዚያ ጆሮ ጥቂት መስማት ጀመሩ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰላቸውም።

ፋብሪካ ሄጄ የክፍል ኃላፊያቸውን አነጋገርኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ላስረዳ ነበር የሄድኩት። ሰውየው እስክጨርስ አልጠበቀኝም።

«ለማ በሩ ላይ ቆሞ የትኛው ማሽን ሊሰበር እንደሆነ በጆሮው ይነግረናል። አሁን ያንን ጆሮ ከየት ላምጣ? አንተ ታመጣልኛለህ?»

ጋሽ ለማን ወደ መለዋወጫ ግምጃ ቤት አዛወሯቸው። ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው «ወንበር አለው፤ እግሬ አረፈ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም።

ነስሩ በማግስቱ አዳራሹን ሳልከፍት በር ላይ ጠበቀኝ። ቀዩን ቀበቶ አጥፎ ይዞታል።

«ማስተር፣ ይሄ የኔ አይደለም። አረንጓዴዬን ስጠኝ። ውድድሩም ይቅርብኝ።»

«እሺ።»

«ልጆቹ ለምን አወለቅክ ቢሉኝስ?»

«እውነቱን ንገራቸው።»

«እሱንማ አንተ ንገራቸዋ!»

መዝገቡን ይዤ በሚኒባስ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩና ጋሽ ለማ ላይ የደረሰውን ሁሉ ነገርኳቸው። ማስተር ደረጀ ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብለው አዩት።

«ሁለት እስክሪብቶ» አሉ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«የነስሩን ወረቀት ከየት አመጣኸው?»

«ራሴ ጻፍኩት።»

«ያን ሰውዬ ግን ወረቀት የለህም ብለህ ነው ነጭ ያሰርክለት?»

«አዎ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እንዲወስዱት ፈልጌ ነበር፤ ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። ቁልፉን ከነመዝገቡ ወደ እኔ ገፉት። «ነገ ተማሪዎቹን አሰልፍና ይህን ገጽ አንብብላቸው» አሉ።

አነበብኩላቸው። ቀኑን ወደ ኋላ መመለሴን፣ እስክሪብቶ መቀየሬንም ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ጽሑፉ እንዲነበብ አድርጌ በማስመሪያ አንድ መስመር ሰረዝኩበትና ጎኑ ላይ «ይህ ፈተና አልተሰጠም» ብዬ ፈረምኩ።

ጋሽ ለማ በአራተኛው ወር ተመለሱ። እፈትንዎታለሁ አልኳቸው፤ እሺ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ከነጭ ጀምሮ እያንዳንዱን ደረጃ በተራ አሠራኋቸው። ነጩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን አለፉ። አቋማቸው ከእኔ የተሻለ ነበር።

ከዚያ ክሩ ጋ ቆሙ። መቱ፤ የቆሙበት እግር ተንገዳገደ፣ የመታው እግር ክሩን ይዞት ሄደ። ደገሙት። አሁንም ነካ። ሦስተኛውን ሳይሞክሩ ግድግዳውን ደገፉ።

«ወደቅኩ አይደል?»

መዝገቡ እጄ ላይ ክፍት ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። አንድ ቃል ብጽፍላቸው ማን ይከለክለኛል ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩትን ከዓይኔ አወቁት መሰለኝ።

«እንዳትጽፈው!» አሉ።

«አረንጓዴ» ብዬ ጻፍኩ። ቀይ ቀበቶው ከፌስታሉ ሳይወጣ ወደ ቤት ተመለሰ። አሁን ሰኞና ረቡዕ እሳቸውና ነስሩ፣ ሁለቱም አረንጓዴ ታጥቀው፣ ክሩ ጋ ተራ ይጠባበቃሉ። ነስሩ ሁልጊዜ በቀኛቸው ይቆማል፤ የሚሰሙት በዚያ ነው።

አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አሁን ከሌላ ክለብ የሚመጣ ሰው ቀበቶውን ታጥቆ ይገባል፤ ወረቀት ኖረው አልኖረው በዚያው ሳምንት ከታች ጀምሮ ይፈተናል፤ የሚመዘገበውም ፈተናውን ባለፈበት ደረጃ ነው። ጎበዝ ተማሪ በአንድ ቀን ሁለት ደረጃ ሊፈተን ይችላል፤ የአንዱም ደረጃ ትምህርት ግን አይዘለልለትም።

አሰልጣኞች፣ ሰው ፈትኑኝ ብሎ ሲመጣ በመጣበት ጊዜ ፈትኑት። ጋሽ ለማን በመጡበት ቀን ፈትኛቸው ቢሆን ኖሮ ክሩን አይነኩም ነበር።