ባለ ሁለት አፉ ጠመንጃ እና የጋሼ ዶሮዎች

እማዬ ጠመንጃውን መጀመሪያ ያየች ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ባለ ሁለት ምላስ ሰው ስሸሽ ኖሬ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ቤቴ ይግባ?» አለች።

እውነቷን ነው፣ ሁለት አፍ አለው። ላይኛው አፈሙዝ የሾትገን ነው፤ እርሳሱን እንደ ጤፍ ይበትነዋል፣ ለቅርብ ነው። ታችኛው የራይፍል ነው፤ አንዲት ጥይት ሩቅ ይልካል። የቱ እንዲተኩስ የሚመረጠው ጎኑ ላይ ባለች ትንሽዬ ማንሻ ነው። አባዬ የገዛው ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ አብሮት ናይት ሺፍት ይሠራ ከነበረ ጡረተኛ ፈረንጅ ነው። ላይሰንሱን አወጣ፣ ጠመንጃው የሚቆለፍበትን ሴፍ ግድግዳ ላይ አሰረ፣ ሁሉ ነገር በሕግ። እኔም የጁንየር ላይሰንስ አወጣሁ። ጓደኞቼ ጥፍር ለመሠራት ቡክ ሲያደርጉ እኔ የተኩስ ሬንጅ ቡክ አደርግ ነበር።

ጠመንጃው ሥራ ያገኘው ግን በአንድ ቀበሮ ምክንያት ነው። የቸርቻችን ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ባከስ ማርሽ ከምትባለው የገጠር ከተማ ወዲያ ትንሽ መሬት ገዝተው ዶሮ ያረባሉ። ለበዓል ዶሮ የምንወስደው ከእሳቸው ነው። ቀበሮው ግን በዓል አይጠብቅም። አንድ እሑድ ጋሼ ተነሥተው ስለ ዶሮዎቻቸው ጸሎት ሲጠይቁ አባዬ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ጠመንጃ አለኝ።»

ጉባኤው በሙሉ «አሜን!» አለ።

እማዬ ግን አሜን አላለችም። መኪና ውስጥ እስክንገባ ታግሣ ፍርዷን ሰጠች። «እስከ ፋሲካ አንድ ቀበሮ ካላየሁ ጠመንጃው ይሸጣል። አለቀ።»

አባዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አባዬ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። በሳምንቱ ውስጥ የማየው ወይ ሲያዛጋ ነው ወይ ጫማ ሲያጠልቅ። ቅዳሜ ግን፣ ወደ ሬንጅ ስንነዳ፣ አባዬ ሌላ ሰው ነው። ይዘፍናል፣ ይቀልዳል፣ በእንግሊዝኛ ስመልስለት «በአማርኛ!» እያለ ያስደግመኛል። ይህን የምጽፍበት አማርኛ ግማሹ እዚያ መኪና ውስጥ የተማርኩት ነው። ጠመንጃው ከተሸጠ ቅዳሜም አብራ ተሸጠች ማለት ነው።

ስለዚህ በሙሉ ልቤ ገባሁበት።

የመጀመሪያው ችግር የሱቅ ጥይት ነበር። ታችኛው አፈሙዝ ሊወደው አልቻለም፤ ወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ ቆሎ ወዲያ ወዲህ ይመታል። አባዬ «ራሳችን እንሠራለታለን» አለ። የተተኮሰውን ቀለህ ያጸዳል፣ ባሩዱን መዝኖ ይጨምራል፣ ጫፉ ላይ እርሳሷን ይተክላል። የመመገቢያ ጠረጴዛችን ተወረሰ። ሚዛኗ በጣም ስስ ስለሆነች ትንፋሽ ያንቀሳቅሳታል።

«አትተንፍሱ!» ይላል አባዬ።

«በገዛ ቤቴ?» ትላለች እማዬ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጨው እንኳ ለክታ አታውቅም፣ በዓይኗ ነው የምትጨምረው። «ለቀበሮ እንዲህ ከተለካ ለሰውማ ምን ሊደረግ ነው?»

አንድ ቀን አባዬ ሚዛኑ ላይ አጎንብሶ ሳለ እማዬ የሚጥሚጣውን ዕቃ አጠገቡ ከፈተች። ሆን ብላ ነው። እሷ እስከ ዛሬ ትክዳለች። አባዬ አንዴ አስነጠሰ፣ የተመዘነው ባሩድም ጠረጴዛው ላይ ሆነ። ጠርገን እንደ አዲስ ጀመርን።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። ሁለቱ አፈሙዞች ላይና ታች ተጣብቀው የተበየዱ ናቸው። ታችኛው ደጋግሞ ሲተኩስ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ላይኛውን ይጎትታል፣ ከዚያ ሁለቱም ይጣመማሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ልክ ይገባሉ፣ ቀጣዩ ወደ ጎረቤት ኢላማ ይሄዳል።

አባዬ እራት ላይ «ጋብቻ ማለት ይኼ ነው» ብሎ አስረዳት።

«የሚሞቀው የቱ ነው?»

«ታችኛው።»

«ገባኝ። ላይኛዋ እኔ ነኛ።»

መፍትሔው ትዕግሥት ሆነ። አንዴ ተኩሰን እስኪበርድ ሳንድዊች እንበላለን፣ ደግሞ እንተኩሳለን። አንድ ቅዳሜ ሦስቱ ቀዳዳዎች ተነካኩ። አባዬ ሬንጅ ላይ እስክስታ መታ፣ ፈረንጆቹ አጨበጨቡለት። ወረቀቱን ወስጄ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት።

«ይኼ የተበሳሳ ወረቀት ምንድነው?» አለች እማዬ።

«ውጤቴ ነው።»

«እኔ የሒሳብ ውጤትሽን ነበር የምጠብቀው።»

ጥይቱ ተገኘ፤ የቀረው ቀበሮው ነበር። ቀበሮ የሚጠራው በትንሽ የቆርቆሮ ፊሽካ ነው፤ ሲነፋ የተጎዳች ጥንቸል ጩኸት ያወጣል፣ ቀበሮውም እራት አገኘሁ ብሎ ይመጣል። አባዬ ሲነፋው ግን የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው የሚመስለው። ጋሼ ከቤታቸው ብቅ ብለው «ፈላ እንዴ?» ይሉታል። ስንት ቅዳሜ ሳሩ ውስጥ ተኝተን ዋልን። ቀበሮው እኛ ስንሄድ መጥቶ ዶሮውን ወስዶ ይሄዳል።

እንዲህ እንዲህ እያልን የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። የመጨረሻዋ ቅዳሜ። እማዬ ለበዓሉ ዶሮ ልትመርጥ አብራን መጣች። «ይኼ የስንብት ጉዞ ነው» እያለች መንገዱን ሙሉ ስትዝናና አባዬ አልዘፈነም። እኔም በመስኮት እያየሁ እንባዬን ዋጥኩ።

እማዬና ጋሼ ከኋላችን የዶሮ ቤቱ ጋ ቀሩ። እኔና አባዬ ከወደቀው ግንድ ጀርባ ተኛን፤ ፊታችን አንድ ገደል አለ። ተራው የእኔ ስለነበር ጠመንጃው እኔ ጋ ነው። አባዬ ሲመዝናት ትንፋሹን የያዘላት ጥይት ታችኛው አፈሙዝ ውስጥ ገብታለች። ላይኛው ውስጥ ያለው ተራ የሱቅ ፍንጣሪ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ አለች። ምንም የለም።

ከዚያ የእማዬ ስልክ ጮኸ። ለዓመታት ልጅ ስትለምን የኖረች ታናሽ እህቷ ከአዲስ አበባ ነበረች።

«ወለድሽ? ሴት? እልልልልልልል!»

አባዬ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አለቀልን። ሁሉም አውሬ ጠፋ።» ደግማ እልል አለች። ሠለሰች። አባዬ በሹክሹክታ፣ «ሴት ናት እኮ፤ ለሴት ሦስት ይበቃል!» አለ።

«ዳድ! ሲሪየስሊ?»

እማዬ ማንንም አልሰማችም። አራተኛውን ለቀቀችው፣ አምስተኛውን ጨመረች፤ እንደ ቀጭን ሽቦ የሚወጋ እልልታ። ያኔ ከገደሉ አፍ ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉ። ቀበሮው ጥንቸል ትጮሃለች ብሎ እየሮጠ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ይመጣል። እንዲህ ቅርብ ይመጣል ብሎ ማንም አላሰበም። ጢሙ ታየኝ። ማንሻዋን በአውራ ጣቴ ገፋሁ፣ ምላጩን ሳብኩ።

ቀበሮው ባለበት ቀረ።

አባዬ መጀመሪያ አቀፈኝ። ከዚያ ጠመንጃውን አየ። «የቱን ነው የተኮስሽው?»

«ላይኛውን።»

«የሱቁን?»

«የሱቁን።»

ያልተተኮሰችውን ጥይት ከታችኛው አፈሙዝ አውጥቶ አያት፤ ያ ሁሉ ሚዛን፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ። ከኋላችን እማዬ ንግግራችንን እየሰማች፣ ስልኩን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። አክስቴ በስልኩ ውስጥ ትጮሃለች፦ «ምንድነው የፈነዳው? ደህና ናችሁ?»

እማዬ ቀበሮውን አየች፣ እኔን አየች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ለልጅሽ ነው የተተኮሰው! ለደስታዋ! ላይኛዋ ናት የተኮሰችው!» አለቻት።

ጋሼ ከዶሮ ቤቱ ሆነው «አሜን!» አሉ።

አባዬ ቀስ ብሎ ጠየቃት። «እና… ይሸጣል?»

«አንተ ሰው፣ ለእህቴ ልጅ የተተኮሰ ጠመንጃ ይሸጣል እንዴ?»

ቅዳሜዬ ተረፈች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ወደ መኪናው ስሄድ እማዬ ፊት ወንበር ላይ ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች።

«ወደ ኋላ ግቢ» አለችኝ፤ «ጠሪዋ ፊት ነው የምትቀመጠው።»