«ቀበሌ» ብዬ የሰየምኩት ዓምድ

አል ተዓውን ካለው ቤቴ ጀበል አሊ እስካለው ሥራዬ በዚያ የመኪና ሰልፍ በየቀኑ መመላለስ ሰውን ወይ ጸሎተኛ ወይ ተሳዳቢ ያደርገዋል። እኔ ተሳዳቢ ሆኛለሁ። በሥራ ቀን የአንድ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ዳታቤዝ እጠብቃለሁ፤ ቅዳሜ ግን ለነፍሴ ብዬ የከፈትኳት ትንሽ ድረ ገጽ አለችኝ። መኪና ያለው ሐበሻ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ባዶ ወንበሩን ያስመዘግባል፤ መኪና የሌላት ያለችበትን ቦታ ከስልኳ ትልካለች፤ ድረ ገጿ ቅርብ ካለው መኪና ጋር ታገናኛታለች።

ሰው ሲበዛ ድረ ገጿ ታዘግም ጀመር። አንዲት ሴት በጠየቀች ቁጥር ከዱባይ እስከ አጅማን ያለውን የእያንዳንዱን መኪና ርቀት እየለካች እንዴት አታዘግም? ስለዚህ ካርታውን በካሬ በካሬ ከፋፈልኩ፤ ለየካሬው ቁጥር ሰጠሁ፤ ለቁጥሩ የመኪኖቹ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬ ኢንዴክስ ሠራሁለት። ኢንዴክስ ማለት የመጽሐፍ ማውጫ ነው፤ ገጹን ሁሉ ሳያገላብጡ የሚፈለገው ላይ ያደርሳል። ዓምዱን «ቀበሌ» አልኩት። ጠያቂዋ ባለችበት ቀበሌ ያለውን መኪና ብቻ ፈልግ፣ አለቀ። መልሱ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ከች ይላል። ለራሴ አጨበጨብኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አል ዋርቃ አንድ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኛነት የምትሠራ እህት ደወለች።

«ወንድሜ፣ ነገ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ነው። ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ። ዋላሂ፣ ማዳምን ስንቴ ለምኛት ነው እስከ ስድስት ሰዓት የፈቀደችልኝ። ያንተ ነገር ግን በአካባቢሽ መኪና የለም ይለኛል።»

«ከሌለማ የለም ነዋ፣ እህቴ» አልኳት፣ በኢንዴክሴ ተማምኜ።

«እሺ፣ ኸላስ፣ በቃ። ሌላ ሰው ያንሳት» ብላ ዘጋችው።

ድምፅዋ አላስቀምጥ አለኝ። ካርታውን ከፈትኩ። የእሷ ነጥብ የካሬው ጠርዝ ላይ ተለጥፋለች። ከመስመሩ ማዶ፣ አንድ አጥር ተሻግሮ፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ አራት ባዶ ወንበር አስመዝግባለች። እኔ ግን ሌላ ቀበሌ ናት ብዬ አስቀርቻታለሁ። አፈርኩ። አገር ቤት ስንቴ «ያንተ ቀበሌ ከመንገዱ ማዶ ነው» ተብዬ ከመስኮት የተመለስኩ፣ ስንቴ የተራገምኩ ሰውዬ፣ እዚህ መጥቼ ያንኑ መስኮት ከፍቼ ተቀምጫለሁ!

ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የጠያቂዋን ካሬ ከዙሪያው ስምንት ካሬዎች ጋር አብሮ መፈለግ፣ ከዚያ የተገኙትን ብቻ መለካት። ፍጥነቱም አልቀነሰም። መልሼ ደወልኩና «ጎረቤትሽ ትወስድሻለች» አልኳት። እልልታ ጀመረችና፣ ማዳም እንዳትሰማት መሰለኝ፣ አፈነችው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። ሕፃኗን ታቅፋለች፤ ባለመኪናዋ አጠገቧ ቆማለች። ከሥሩ «ከአጥር ማዶ ነበረች እኮ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንተዋወቅ! አንተ ስንት ጎረቤት ደብቀህብናል?» ይላል።

ሳቅኩ። ቆይቶ ግን ጥያቄዋ ከነከነኝ። ዳታቤዙን ከፍቼ «የለም» የተባሉትን ሴቶች ዝርዝር አወጣሁና ከላይ ካለችው ጀምሬ ደወልኩ። አሁን መኪና እንደሚገኝላት ነገርኳት።

«እኔማ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ከተውኩት ቆየሁ፣ ወንድሜ» አለችኝ። «ማንም የለም ስትለኝ ጊዜ።»