ለክፉ ቀን የተቀመጠ ቤንዚን

ጭሮ ማደያ ጋ ወረፋ ስይዝ የማልሰማው ክርክር የለም። ሾፌሮቹ መኪናቸውን አሰልፈው ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ጫት ከወጣ ደግሞ ወሬው ይሞቃል። ከወሬው ሁሉ የማይጠፋው የቤንዚን ጥራት ነው። አንዱ "የማደያው ምን ቤንዚን ነው! ብር ጨመር አድርጎ ከጠረፍ የሚገባውን ንጹሑን መቅዳት ነው እንጂ" ይላል። ሌላው የሰውየውን መኪና ጎማ በእግሩ መታ እያደረገ "ለዚች ቆርቆሮ ነው ንጹሕ የምትመርጠው?" ይለዋል። ይስቃሉ። አንዳንዴ ወደ እኔ ዞረው "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ይሉኛል። እዚህ ከተማ መኪና የምንነዳ ሴቶች ብዙ ስላልሆንን እኔን መጠየቅ ያዝናናቸዋል። "እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ስለ ጨርቅ ጠይቁኝ" ብዬ መስታወቱን እዘጋለሁ።

መልሱን አጥቼው አይደለም። መናገር አልፈልግም፣ በቃ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። አባቴ ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ጭሮ ላይ ጨርቅ ሲነግድ ያረጀ ሰው ነው። መኪናዋ ነጭ የቤት መኪና ናት፤ አርጅታለች፣ ቀለሟም ለቋል። እሱ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የሚይዛት። በእሱ ዓለም ቤንዚን ሁለት ዓይነት ነው፤ ተራውና ንጹሑ። ተራው የማደያው ነው። ንጹሑ ሂርና መንገድ ዳር አንዲት ሴት በጀሪካን የምትሸጠው፣ ከጠረፍ ገባ የሚባለው፣ ዋጋውም ሰማይ የነካው ነው። ሴትየዋ አባቴን ከሩቅ ስታየው "ና ኣያ፣ ቁልቁሉ አለ፣ ወላሂ ንጹሕ ነው!" ትለዋለች፤ ቁልቁሉ በኦሮምኛ ንጹሕ ማለት ነው። እሱ ግን በወላሂ ብቻ አይገዛም። ጥቂት መዳፉ ላይ ያንጠባጥብና እፍ ይልበታል። ቶሎ ደርቆ መዳፉን ቀዝቀዝ ካደረገው ንጹሕ ነው። ቅባት ከተወበትና ላምባ ላምባ ከሸተተ ተደባልቋል። እዚህ አገር ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው የሚፈትነው፤ አባቴ ግን መዳፉን ለእኔም ለእናቴም ሳያስሸትት አያልፍም ነበር።

እናቴ ትስቅበታለች። "አንተ ሰው፣ ለዚች አሮጊት ማር ነው የምታጠጣት? እኔን እንኳ እንዲህ መርጠህ አላበላኸኝም።"

"አንቺ መንገድ ላይ አትቆሚብኝም" ይላታል።

"ተራውንም ብትጠጣ ያው ናት። ልዩነት የለውም።"

ይህን ስትለው ከልቡ ይናደድ ነበር።

ከዚያ ቤንዚን የጠፋበት ጊዜ መጣ። ማደያው ሲዘጋ ይውላል፣ ሲከፈት ሰልፉ ገበያውን ያልፋል፣ የሂርናዋ ሴትም ንጹሑን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምታገኘው። አባቴ አንድ ቀን ጀሪካን ሙሉ አግኝቶ፣ መዳፉ ላይ ፈትኖ፣ ደስ ብሎት ገባ። ግቢ ውስጥ ያለችው የቆርቆሮ መጋዘናችን ውስጥ አስቀመጠውና "ይሄ ለክፉ ቀን ነው፤ ማንም እንዳይነካው" አለ። እናቴ "ከነጨርቃችን ልታነደን ነው" ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ለመደችው። ለገለምሶ ገበያም፣ ለሰርግም፣ ለለቅሶም ተራውን እየቀዳን ሄድን። በጀሪካኑ ላይ በጋም ክረምትም አለፈበት። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል አንዳንዴ ጀሪካኑ ያብጥና አባቴ ክዳኑን ላላ አድርጎ ያስተነፍሰዋል።

ክፉ ቀን የመጣው በእናቴ ልብ ነው። ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ አጠራት፤ ሆስፒታል ወሰድናት፤ ወደ ሐረር ጻፉላት። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም አሉን። አባቴ "መኪና አለን፤ መንገዱ በጨለማ አይሆንም፣ ጎህ ሲቀድ እንወጣለን" አለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። እሱ ለዚህ ቀን ተዘጋጅቷል።

ቤት እንደገባ የመጀመሪያ ሥራው ተራውን ቤንዚን በጎማ ቱቦ ስቦ ከመኪናዋ ማውጣት ሆነ። ከንጹሑ ጋር እንዲቀላቀል አልፈለገም። የወጣውንም ባጃጅ ለሚነዳው ጎረቤታችን ሰጠው። ከዚያ ጀሪካኑን አውጥቶ ገለበጠው። መዳፉ ላይ አላንጠባጠበም። ሲገዛው ፈትኖታላ፤ የተፈተነን ነገር ማን ደግሞ ይፈትናል?

ጠዋት መኪናዋ ተለምና ተነሣች። አባቴ "ብርዱ ነው፣ አልሞቀችም" አለ። እኔ ከኋላ የእናቴን ራስ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ከጭሮ ወጥተን የሂርናን ዳገት ስንይዝ መኪናዋ መሳል ጀመረች። ትስላለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ደግሞ ትጎተታለች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጸጥ አለች። አባቴ ቢያስነሣ፣ ቢያስነሣ፣ ባትሪው ደከመ እንጂ ምንም የለም።

እጃችንን ዘርግተን ቆምን። የጫት መኪኖች እየከነፉ አለፉን። ጫት እንዳይጠወልግ ስለሚፈሩ ለማንም አይቆሙም፤ ያን ቀን እንኳ አልተቀየምኳቸውም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። እናቴ ዓይኗን ገልጣ አባቴን አየችውና፣ ትንፋሽ እየቆራረጣት፣ "ማሩን አጠጥተሃት… ጠገበች" አለችው። እሱ አልሳቀም። እኔ ሳቅሁ መሰለኝ።

ብዙ ከቆየን በኋላ ወደ ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ ቆመልን። ተሳፋሪዎቹ ማንም ሳይለምናቸው ከመጨረሻው ወንበር ተነሥተው እናቴን አስተኙልን፤ ቦታ ያጡት እዚያው መንገድ ላይ ወርደው ቀሩ። አንዱ ሽማግሌ "አንተም ግባ እንጂ ወንድሜ፣ እንጠጋጋለን" አለው አባቴን። አባቴ የመኪናዋን ኮፈን ይዞ ቆሟል። "እናንተ ሂዱ። ንጹሕ ቤንዚን ነው ያለባት፣ ትነሣለች። ሂርና ሳትደርሱ እቀድማችኋለሁ" አለ።

አልቀደመንም። መኪናዋን በመጨረሻ አስጎትቶ ሂርና አንድ ጋራዥ ጥሎ፣ ሌላ መኪና ለምኖ ሐረር ሲደርስ እናቴ አልፋለች።

ከእሱ መምጣት በፊት ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አግኝቼው ነበር። አልጠየቅሁትም፣ ራሱ ነው የነገረኝ። "ማለዳ ደርሳ ቢሆን አንድ ነገር እንሞክር ነበር" አለኝ። "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። 

ቀበርናት። ቤታችን በሰው ሞላ። "አጀሏ ነው" እያሉ አጽናኑን፤ የተጻፈላት ቀን ደርሶ ነው ማለታቸው ነው። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ ጫማ አስተካክላለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። ሰዉ "ጠንካራ ልጅ" ይለኝ ነበር። ጥንካሬ አልነበረም፤ የደነዘዘ እግር ይመስል ቢቆነጥጡኝም አይሰማኝም። የባጃጁ ጎረቤታችን ለቀስተኛ ሲያመላልስ ዋለ፣ አባቴ በሰጠው ቤንዚን። ባጃጁ አንዴም አልሳለም።

ለቅሶው ጋብ ሲል መኪናዋን ላመጣ ብቻዬን ሂርና ሄድኩ። መካኒኩ ከመኪናዋ ያወጣውን ቤንዚን በጣሳ አሳየኝ። ሻይ መስሏል። መዳፌ ላይ አንጠባጠበልኝ። እፍ አልኩበት፤ አልደረቀም፣ አጣበቀኝ። ሽታውም የቀለም ነው።

"ይሄ ሲገዛ ጥሩ ነበር" አለኝ። "ግን ቤንዚን ቅቤ አይደለም፣ ሲቀመጥ ይሞታል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። ለዚች መኪና የማደያው ይበቃት ነበር፣ ትኩስ ይሁን እንጂ።"

አባቴ ስገባ ስለ መኪናዋ አልጠየቀኝም። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ እሱ አንድም ቀን አልነዳም፤ እኔ ነኝ የምነዳት። ነገር ግን ቀድቼ በገባሁ ቁጥር "ምን ቀዳሽ?" ይለኛል። "የማደያውን" እለዋለሁ። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። መብላት ቀነሰ፣ ሱሪው ሰፋው። የሚበላው ጥያቄ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ቀኑን ስጠብቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ ደንበኛ በሌለበት፣ ጨርቅ ስጠቀልል ጠራኝ።

"መካኒኩ ምን አለሽ?"

"ስለ ምን አባ?"

"እንዳታደርቂኝ ልጄ። ሰው ሁሉ አጀሏ ነው ይለኛል። አጀልማ የአላህ ነው፣ አምኛለሁ። ቤንዚኑ ግን የእኔ ነው። ያን ቀን ተራውን ከመኪናዋ ባላወጣው ኖሮ፣ እንደነበረች ብንሄድ ኖሮ፣ በጊዜ እንደርስ ነበር?"

ፊቱን አየሁት። ጣሳው፣ መዳፌ፣ የሐኪሙ ኮሪደር፣ ሁሉም አፌ ላይ ነበሩ።

"ለእኛ መኪና ልዩነት የለውም አባ" አልኩት። "ሞተሩ ደክሞ ነው። ተራውም ቢሆን እዚያው ነበር የምንቆመው።"

የምጠቀልለውን ጨርቅ ጫፍ ያዘልኝ። ከዚያ "እናትሽም ልዩነት የለውም ትለኝ ነበር" አለ። ያን ቀን እራቱን በላ።

በማግስቱ ለሱቅ ዕቃ ሂርና መሄድ ነበረብኝ። ከማደያው ተራውን ቀዳሁና ወጣሁ። ዳገቱን ያዝኩ። ያን ቀን የቆምንበት ቦታ ስደርስ እግሬን ከነዳጁ ላይ ላላ አደረግሁት። እባክሽ ሳዪ አልኳት። አንዴ ብቻ ሳዪ፣ አንዴ ብቻ ጸጥ በዪ፣ ለአባቴ ያልኩት እውነት ይሁን። መኪናዋ ጭነት የሌለባት ይመስል ዳገቱን ተያያዘችው፤ አንድም ጊዜ ሳትስል ጫፉ ላይ ወጣች። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያላለቀስኩትን ቁልቁለቱን ስወርድ አለቀስኩት።