ለሐረጎ መንገድ የሚሆን ጎማ

ከደሴ፣ ጠዋት

ቁርሴን ቆሜ በልቼ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ ወጣሁ። የምፈልገው ጎማ ነው፤ የምፈልገውም ለእናቴ ስል ነው። እናቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ለሕክምና ክትትል ወደ ደሴ የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። ባለፈው ዝናብ ግን እሷን ይዤ ስመለስ መኪናዬ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተንሸራታ ገደል አፍ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲህ እናቴ በእኔ መኪና አልሳፈርም ብላለች። በዚያ የዳሌ ሕመሟ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብባ ነው የምትመጣው። ነገ ቀጠሮ ስላላት ዛሬ ይዣት ካልወጣሁ እረፍት አላገኝም።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ጎማ ሻጮቹን በእግሬ አዳረስኩ። የመጀመሪያው ጥርሱ ጠለቅ ያለ ለስላሳ ጎማ አሳየኝ። ለደሴ ብርድና ጭቃ ጥሩ ነው፤ የኮምቦልቻ ትኩስ አስፋልት ግን ቶሎ ይበላዋል። ሁለተኛው ያወጣልኝ ጠንካራ ነው፤ ዕድሜው ረጅም፣ እርጥብ መንገድ ላይ ግን የማይጨብጥ። የእኔ መንገድ ደግሞ ላይ ካፖርት አስለብሶ ታች ሸሚዝ የሚያስወልቅ ነው። ጎማችን አይንሸራተትም ብለው አንዱ ወላሂ፣ ሌላው ማርያምን እያሉ ማሉልኝ። መሐላው ሲበዛ ልቤ ይብስ ተረበሸ። ሳልገዛ ሄድኩ።

ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ

ሐረጎ ጉም ለብሷል። አንድ የጭነት መኪና ከፊቴ ያዘግማል። ልቅደም አልቅደም ስል መሪው በላቤ ራሰ።

ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቴን አውልቄ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ጎማ ሱቅ ገባሁ። የት እንደምመላለስ፣ ማንን እንደምጭን ጠየቁኝ። ከዚያ ለክረምትም ለበጋም የሚሆን፣ መካከለኛ ጎማ አንከባለው አመጡ። ውሃ የሚያስወጡትን ሰፋፊ ቦዮች አሳዩኝ፤ ጎኑ ላይ የተመረተበትን ዓመት አስነበቡኝ። ዋጋው ደመወዜን ጠራርጎ የሚወስድ ነው።

«አይንሸራተትም ብለው ይማሉልኛል?» አልኳቸው።

«በጎማ አልምልም ልጄ። ለመንገድህ ከሁሉም ይሄ ይሻልሃል። ሐረጎ ላይ ዝናብ ከያዘህ ግን ይሄም ይንሸራተታል። ቀስ ብለህ ውጣ፣ ቀስ ብለህ ውረድ።»

ተናድጄ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፣ ተመልሼ ወረድኩ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ዝናቡ እውነቱን የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አራቱንም አስገጠምኩ። ጎሚስታው ብሎኑን እስኪያጠብቅ እግሬን እያቀያየርኩ ጠበቅኩ።

እናቴ ቤት

እናቴ አዲሶቹን ጎማዎች በከዘራዋ ነካ ነካ አደረገቻቸው።

«የሸጠልህ ሰውዬ ማለልህ?»

 ልዋሻት አሰብኩና አልሆነልኝም።

«አልማሉም እማዬ። ይሄም ይንሸራተታል፣ ቀስ ብለህ ንዳ ነው ያሉኝ።»

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ላይ እህል ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ትንሽ አየችኝና ሻሿን አስተካክላ፣ «በል ክፈትልኝ» አለች።

መልስ ወደ ደሴ

ሐረጎን ስንጀምር ዝናቡ ወረደ። ያቺ ያስደነገጠችን ኩርባ ጋ ስንደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ። ከኋላ አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን ለቀቀብኝ፤ እግሬ ነዳጁን ልርገጥ ልርገጥ አለኝ።

«ይለፍ ተወው» አለች እናቴ። «ለእሱ ሳይማልለት አልቀረም።»

ሳቅኩ። ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ የዋለው ትከሻዬ ያኔ ላላ።

ጎማ የምትገዙ ሰዎች ጥርሱን እዩ፣ ዓመቱን አንብቡ። ሻጩንም ስለ ዝናቡ ጠይቁት። እኔ ቧንቧ ውሃ ደርሼ መኪናዬን አቆምኩና እናቴን ደግፌ ላወርዳት በሩን ከፈትኩ። እንቅልፍ ወስዷታል።