በፍልሰታ አጋዘን ስናባብል

ነሐሴ ሲገባ ሮም ትራቆታለች። ቡና ቤቱ ይዘጋል፣ ፋርማቺያው ይዘጋል፣ አውቶቡሱም ሲያሻው ነው የሚመጣው። ሰው ሁሉ ባሕር ይወርድና ከተማዋ ለሽማግሌዎችና ለእኛ ለጠባቂዎቻቸው ትቀራለች።

የእኔ ሽማግሌ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸውን ለፊልም ዕቃ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የውሸት ሐውልት፣ የውሸት ዳቦ፣ የውሸት ሬሳ ሠርተዋል። "በሐቅ ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ" ይሉኛል። ሲኞሬ ነው የምላቸው። ሌላው ፍቅራቸው አደን ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀረ፤ ጠመንጃቸውንም ልጃቸው ወስዳ ለፖሊስ አስረከበች። የተረፈቻቸው አንዲት አጋዘን ብቻ ናት።

እሷም የውሸት ናት። ጣልያኖቹ ካፕሪዮሎ የሚሉት፣ ከእኛ ሚዳቋ እምብዛም የማይበልጥ አጋዘን አለ። ሲኞሬ የዚያን እንስቷን ከእንጨትና ከስፖንጅ ሠርተው፣ እውነተኛ ቆዳ አልብሰው፣ ኮሪደር ላይ አቁመዋታል። ሥራ በጀመርኩ ማግስት ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ፊት ለፊት ብትገጥመኝ "በስመ አብ!" ብዬ ጎረቤት ቀሰቀስኩ።

ለምን እንደምትሆን ስጠይቃቸው ደስ እያላቸው አስረዱኝ። በዚህ በበጋ ወንዱ አጋዘን ሴት ፍለጋ ያብዳል። አዳኙ የውሸቷን ሜዳ ላይ ያቆማትና በፊሽካ የሴት ድምፅ ያሰማል። ወንዱ ይሰማል፣ ይመጣል፣ ያያታል፣ ልቡን ይጥላል። ያኔ ይተኮሳል።

"አያሳዝንም?" አልኳቸው።

"እኔም ያገባሁት እንዲሁ ተታልዬ ነው። ማን አዘነልኝ?"

ያን ዓመት ልጃቸው ባሕር ስትሄድ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። ፀሐይ እንዳይመታቸው፣ ጨው እንዳያበዙ፣ ከሁሉም በላይ ከዚያ ከአዳኝ ጓደኛቸው ጋር እንዳይገናኙ። መኪናዋ ከሰፈራችን ሳትወጣ ጓደኛቸው ደወለ። የሚኖረው ከሮም ወጣ ብሎ ተራራ ላይ ነው፤ የአደን ፈቃዱም ገና በእጁ ነው። አንድ ሽማግሌ ወንድ አጋዘን አላስጠጋው ብሎ መከራውን እያሳየው ነበር።

"እሷን ይዘናት እንመጣለን" አሉት ሲኞሬ። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "አሎራ፣ እንግዲህ ነገ ቀለል ያለ ነገር ልበሺ።"

አይሆንም አልኳቸው። ምሳ አልበላም አሉ። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እንሄዳለን አልኳቸው።

አጋዘኗ ተፈታታለች። እግሮቿ ተነቅለው ከገላዋ ጋር በአንሶላ ተጠቀለሉ፤ ጭንቅላቷ ግን አልገባ ብሎ እኔ ታቀፍኩት። ፖንቴ ማሞሎ ጣቢያ ስንደርስ፣ ወደ ተራራው የሚሄደውን አውቶቡስ ቆመን ስንጠብቅ፣ ከደብራችን እናቶች አንዷ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከሜትሮው ወጡ። መሸሸጊያ የለም። ጠጋ ብለው እቅፌን አዩ።

"ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"አጋዘን ነው እማማ። የውሸት ነው።"

"ጾሙ ግን የእውነት ነው!"

ጆሮዋን አስነካኋቸው። ሙጫ ሙጫ ይሸታል። እጃቸውን በነጠላቸው ጠራርገው፣ "ቢሆንም ሸፍኛት፣ ሰው ታሰናክያለሽ" ብለውኝ ሄዱ። ሻሼን ፈትቼ አለበስኳት። ይኼ ደግሞ የባሰ ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ጣልያን ሴትዮ ሕፃን የያዝኩ መስሏት ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ሲኞሬ ቀደሙኝና ተቀመጡበት። ሴትዮዋ ስንት ወሩ ነው እያለች ሻሹን ገለጥ አድርጋ ጥቁሩን አፍንጫ ስታይ፣ ሳትተነፍስ ወደ ሾፌሩ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

ጓደኛቸው ከፌርማታው በመኪና ተቀበለን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጫካው ዳር ካለች ሜዳ አደረሰን። አጋዘኗን ገጣጥመን አቆምናት። እሱ ጠመንጃውን ይዞ ከጎን፣ ከድንጋይ ኋላ ሄደ። እኔና ሲኞሬ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደፋን። ፊሽካው የእሳቸው፣ ገመዱ የእኔ ሆነ። ገመዱ ሲሳብ የአጋዘኗ ጆሮ ይንቀሳቀሳል፣ አንገቷም ዘንበል ይላል።

ሞክሪው አሉኝና ሞከርኩት።

"ቀስ! ሴት ናት እንጂ ደወል አይደለችም። ሰምተሽ ያልሰማሽ ምሰይ።"

ያን እንኳ አውቅበታለሁ። ቀስ አድርጌ ሳብኩ፤ አጋዘኗ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አንገቷን ሰበር አደረገች። ከፍልሰታ ጋር የሚሄድ ሥራ እንዳልሆነ ልቤ ቢያውቅም ሙያው ሳይታወቀኝ እየጣፈጠኝ መጣ።

ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ልጃቸው ናት።

"አባቴ እንዴት ነው?"

"ተኝተዋል" አልኩ በሹክሹክታ።

ሲኞሬ በዚያው ቅጽበት ፊሽካቸውን ነፉ፤ ፒው፣ ፒው።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"አፍንጫቸው ነው።"

"ዶክተር ልጥራ እንዴ?"

"ሲገለበጡ ይተዋቸዋል" ብዬ ዘጋሁት።

ወዲያው ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ወንዱ ወጣ። ቀንዱ አጭር፣ ቆዳው ቀይ፣ አንገቱ ወፍራም ነው። እንዲህ ያለ ኩሩ ፍጡር አይቼ አላውቅም። ሲኞሬ ከአፍንጫቸው አልፎ አይታያቸውም፤ ክንዴን ጨመቁኝ።

"መጣ?"

"መጣ።"

"ምን ያደርጋል?"

"ያያታል።"

ገመዱን ነካ አደረግሁት። አጋዘኗ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ወንዱ አንዴ ዞራት፣ አሸተታት፣ ጉንጯን በአፍንጫው ጎሸም አደረጋት። ሙጫውም ስፖንጁም አላስቀየመው። የጠመንጃው አፈሙዝ ከድንጋዩ ኋላ ብቅ ሲል አየሁ።

"አሁንስ?" አሉ ሲኞሬ።

አሁንስ... እንዴት ልበላቸው? ጣልያንኛዬ የተማርኩት ወጥ ቤትና ሆስፒታል ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቃል አላስተማሩኝም። ብችልስ በጾም ከአፌ ይወጣል?

"ቆሟል" አልኳቸው።

"የት?"

"እሷው ጋ።"

"ከፊቷ? ከጎኗ?"

"ከላይ።"

ፊሽካው ከሲኞሬ አፍ ወደቀ። "እናትዬ!" አሉ ቀስ ብለው፤ በእንባ የተሞላ ድምፅ ነበር።

የእጅ ሥራቸው ግን ለዚህ የታሰበ አልነበረም። መጀመሪያ የኋላ እግሯ ቀጭ አለ። እኔ ደንግጬ ገመዱን በሙሉ ኃይሌ ጎተትኩት። ጭንቅላቷ ተነቅሎ ሣሩ ላይ ተንከባለለና ወደ ወንዱ ቀና ብሎ ቆመ። ወንዱ ጭንቅላቱን አየ። ገላዋን አየ። ደግሞ ጭንቅላቱን አየ። እንዲያ ያለ ድንጋጤ በሰው ፊት እንኳ አይቼ አላውቅም። ከዚያ እንደ ውሻ እየጮኸ ጫካውን ሰንጥቆ ጠፋ።

ተኩስ ጠበቅን። የለም። ሄደን ስናይ ጓደኛቸው ጠመንጃውን ጥሎ፣ ሆዱን ይዞ፣ መሬት ላይ እየተንፈራፈረ ነው። የታመመ መስሎኝ ውኃ አፈሰስኩበት፤ ለካ ሳቅ ነው።

ሲኞሬ ያን ሁሉ መንገድ እስክንመለስ አላሳረፉኝም። "በእርግጥ አሸተታት? አሸትቶም አመነ?" አዎ ስላቸው ጭንቅላቷን ከእቅፌ ወስደው ራሳቸው ታቀፉት። "የፊልም ሰዎች ዓይን ብቻ ነው የነበራቸው" አሉ።

ያ ጓደኛቸው ግን አፉን አልዘጋም። ራሷን ያጣችውን አጋዘን ፎቶ ለልጃቸው ላከላት። በማግስቱ አሸዋ ከእግሯ ሳይረግፍ መጣች። አባትየው ጣራ ጣራውን ያያሉ። እሷ እኔን ወጥ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች።

"እውነቱን ንገሪኝ።"

ነገርኳት። የጎደለኝ ቃል ላይ ስደርስ በሁለት እጄ አሳየኋት። አፏን ይዛ ቆየችና ከማቀዝቀዣው ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች እስካሁን አልለየሁም። ስትነሳ፣ "በዚህ ሙቀት በአውቶቡስ!" አለች። "ሁለተኛ እንዳይለመድ። እኔ አደርሳችኋለሁ።"

ቅዳሜ አደረሰችን። አጋዘኗ በአዲስ ሙጫ ቆመች፤ ገመዱንም ልጅቷ ካልያዝኩ አለች። ሲኞሬ ነፉ። ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ከጎን ካለው ግጦሽ አንዲት ነጭ ላም አጥሩን ጥሳ ወጣችና፣ እየተጎማለለች ሄዳ የአጋዘኗን ፊት ቀለሙ እስኪለቅ ትልሰው ጀመር።

"መጣ?" አሉ ሲኞሬ።

ልጃቸው እኔን አየችኝ። ከንፈሯን ነክሳለች።

"መጣ፣ ፓፓ።"

"ቀንድ አለው?"

"አለው።"

"ትልቅ ነው?"

"በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትልቅ አይቼ አላውቅም" አለቻቸው፤ እሳቸውም በደስታ እንደገና ነፉ።